የአማቴ ሳንቲሞች

ሙሽራዋ ልጄ ፕራሺላ ወደ ባሏ ቤት የሚወስዳት መኪና ውስጥ ከመግባቷ በፊት ልትሰናበተኝ ጎንበስ ስትል፣ አንገቷ ላይ ያሉት ሳንቲሞች ተወዛውዘው ተጋጩ። ቀጭ አሉ፣ እንደ ቆርቆሮ። ሰምቻለሁ፤ ግን ልቤ በስንብቱ ለቅሶ ላይ ነበር። ምን እንደሰማሁ የገባኝ መኪናው የሸንኮራ ማሳውን ዞሮ ከተሰወረ በኋላ ነው።

የሟች አማቴ ሐብል ነው፤ የእንግሊዝ ንጉሥ መልክ ያለባቸው የወርቅ ሳንቲሞች ተደርድረውበታል። በእኛ በፊጂ ሕንዶች ዘንድ፣ ባንክ ቢኖርም፣ ሴት ጥሪቷን የምታኖረው አንገቷ ላይ ነው። አማቴ ከጓሮ ስትመጣ ከኮቴዋ ቀድሞ የሳንቲሞቹ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ዓመቶቿ ግን አይሰማም። ስላረጀች፣ ቀስ ብላ ስለምትራመድ ይመስለኝ ነበር። ላስመዝነው አልችልም ነበር፤ በሕይወት ያለች አማት ወርቅ ሚዛን ላይ ከወጣ ሞቷን መመኘት ነው። ከሞተች በኋላ ደግሞ አፈርኩ።

በማግስቱ ባ በምትባለው ከተማችን ወርቅ ሠሪው ዳንሱክ ዘንድ ሄድኩ።

«ወንድም ዳንሱክ፣ የአማቴን ሳንቲሞች ታውቃቸዋለህ?»

መነጽሩን አወለቀ። «መቼ ትመጣ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት፣ እህቴ።»

«ናስ ነው?»

«ናስ ነው። የለበጥኩትም እኔ ነኝ። የመሬታችሁ የኪራይ ዘመን ሲያልቅ፣ ለማደሻው አንድ በአንድ እያመጣች ሸጠችልኝ። በየፈንታው ናስ ሠራሁላት። ‹ምራቴ እንዳትሰማ፤ በፍርሃት ትሞትብኛለች› ብላ አስማለችኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሲመሻሽ ያ ጥርት ያለው የወርቅ ድምፅ ከጓሮ ይሰማኝ ጀመር።

«የፍየሏ ሰንሰለት ነው» ይለኛል ባሌ ጃግናራያን።

«ፍየሏን እኮ ከሠርጉ በኋላ አርደናታል።»

«እንግዲያው ጆሮሽ ነው። ሁለቱንም አብረን ማረድ ነበረብን።»

ባሌ ይሳቅ። እኔ የሚታየኝ ልጄ ሐሰተኛ ወርቅ አመጣሽ ተብላ፣ ሻንጣዋን ይዛ ከባሏ ከተማ ከላውቶካ ስትመለስ፣ ጎረቤት በየአጥሩ ቆሞ ሲስቅ ነው። እውነትም ቅዳሜ ስልክ ደወለች።

«እማ፣ አማቴ ሳንቲሞቹን አቅልጣ አምባር ልታሠራልኝ ነው።»

«ልጄ፣ እሳት እንዳይነካው! ናስ ነው።»

ቀስ ብላ፣ «አውቃለሁ» አለችኝ። «አያቴ ነግራኛለች።»

«ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«አንቺ ሰማይ ሲያንጎደጉድ ጎርፍ መጣ ብለሽ ልብስ የምትሸክፊ ሴት፣ እንዴት ይነገርሻል? እኔም አንገቴ ላይ ሆኖ ይቀራል ብዬ ነበር። በቃ፣ ዛሬውኑ እነግራታለሁ።»

«የምትመልስሽ እንደሆነስ?»

«በሩን ክፍት አድርጊልኛ።»

ቀልዷን ነው። እኔ ግን ከፈትኩት። ራት ቀረበ፤ አልበላሁም። ጃግናራያን በሩን እያየ፣ «ሌባ ጠርተሻል? ለእሱም ሳህን ላውጣ?» አለኝ። በመንገዱ ላይ ብርሃን ባለፈ ቁጥር እነሣለሁ፤ የሸንኮራ ጭነት መኪና ይሆናል።

በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ።

«ነገርኳት፣ እማ።»

«ምን አለችሽ?»

«መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ። ሐብሉን ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው። ከዚያ ‹መሬቱስ?› አለችኝ። አለ፣ ወላጆቼ አሁንም እዚያው ናቸው አልኳት። ‹እኛ ወርቁን ይዘን መሬታችንን አስረከብን፤ አያትሽ ከእኔ ትሻላለች› አለችና ሐብሉን መልሳ አንገቴ ላይ አሰረችው። አምባሩ ቀርቷል።»

«ነገ ሐሳቧን ብትቀይርስ?»

«እማ፣ በይ ተኚ።»

ጃግናራያን ወደ መኝታው ገባ። ጨለማ ወደዋጠው ማሳ ተመለከትኩ። አሁንም በእጃችን ነው፣ የቆየበትም ዋጋ አሁን ገብቶኛል። ማታ ማታ ሳንቲሞቿን የምታሰማኝ አማቴ ውስጥ ትሁን ውጭ አላወቅኩም። ትግባ ብዬ ጥቂት ጠበቅኳት፤ ከዚያ በሩን ቆለፍኩ።