በአየር ላይ የተነጠፈ አልጋ

«በይ እንግዲህ፣ አሁን በሌላ አባባል በይው» አለች ሬዲዮ፣ የአንሶላውን አንድ ጫፍ እንደያዘች።

«ብየዋለሁ እኮ!»

«ያንን አይደለም። እሱኑ፣ ግን በሌላ ቃል።»

ሚስማር አንሶላውን በእልህ ወደ ራሷ ሳበችው። ጫፉ ከሬዲዮ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። «ካልኩ አልኩ ነው!» አለች። «አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የሚናገር ሰው፣ መጀመሪያ የተናገረውን ዋሽቶ ነው የሚመስለኝ።»

«እንግዲያውስ እኔ ስዋሽ ነው የኖርኩት በይኛ።»

«ሳይሆን ይቀራል?»

ሁለቱ ሴቶች የሆቴሉን ሦስተኛ ፎቅ አብረው ሲያጸዱ ዓመታት አልፈዋል። በስማቸው የሚጠራቸው ግን የለም። አንዷ ከጠዋት እስከ ማታ አፏ ስለማይዘጋ ሬዲዮ ተባለች። ሌላዋ አንዴ ከገባች በጉጠትም ስለማትነቀል ሚስማር ሆና ቀረች። ስሙን ያወጣላት የበሩ ጥበቃ ነው። እሷም አልከፋትም፤ እንዲያውም ሲጠራት ቀና ብላ ነው የምታልፈው።

ዛሬ ግን ቀና የሚያሰኝ ነገር አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ፈተና አለ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከእንግዳ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ ሠራተኛ ሁሉ እንግሊዝኛ ይፈተን ብሏል። ለዚሁ የመጣችው አሰልጣኝ አንድ የዘወትር ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ ተፈታኟ ትርጉሙን ሳትለቅ በሌላ አባባል ትመልሳለች። «እንግዳው የመጀመሪያው ካልገባው ሁለተኛ መንገድ ይኑራችሁ» ነው የተባሉት። ያለፈች ፎቁ ላይ ትቀራለች። የወደቀች ምድር ቤት ወርዳ ልብስ ማጠቢያው፣ ላውንደሪ ትገባለች።

ላውንደሪውን ሚስማር አሳምራ ታውቀዋለች። ሥራ የጀመረችው እዚያ ነበር። መስኮት የሚባል ነገር የለውም። የመተኮሻው እንፋሎት ደረቷን ዘግቶ፣ ሌሊት ሌሊት ተቀምጣ እስክታድር ድረስ ሲያስላት ከርሞ፣ በመጨረሻ ሐኪም ቤት አድርሷታል። «እናቴ፣ እንፋሎት ካለበት ድርሽ እንዳትዪ» ብሏት ነበር ሐኪሙ። ወደ ፎቅ የወጣችው ከዚያ ወዲህ ነው። ተመልሳ መውረድ ለሷ በገዛ እግሯ ሄዳ እንደመታፈን ነው።

ስለዚህ አጥንታለች። አጥንታለች ብቻ ሳይሆን በራሷ ዘዴ አጥንታለች። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየችም፤ ወረቀት ላይ ያየችው ነገር ወረቀቱ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፍባታል። እጇ የሠራውን ግን አትረሳም። አሰልጣኟ የሰጠቻቸውን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ አልጋ ላይ አነጠፈቻቸው። የመጀመሪያው አሮጌው አንሶላ ሲገፈፍ ነው። ሁለተኛው አዲሱ ሲዘረጋ። ከዚያ ማዕዘኖቹ፣ ከዚያ ትራሶቹ፣ ከዚያ ብርድ ልብሱ፣ እያለ ይቀጥላል። በአልጋው ቀኝ ቆማ አንዱን አባባል ትላለች፤ ዞራ በግራ በኩል ስትቆም ሌላኛውን። አንድ አልጋ ነጥፎ ሲያልቅ ፈተናውም ያልቃል።

ያስጠናቻት ልጇ ናት። ልጅቷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እንግሊዝኛው ላይ የሚያህላት የለም። ግን ያ የአልጋ ነገር ፈጽሞ አልጣማትም። ዛሬ ጠዋት ሆን ብላ ከትራሱ ጀመረችባት።

«ከአንሶላው ጀምሪ» አለች ሚስማር።

«እማ፣ እነሱ ከአንሶላው ላይጀምሩ ይችላሉ እኮ።»

«ከአንሶላው ጀምሪ አልኩሽ!»

«እስቲ አንዴ ከመሃል ሞክሪው! ምን ትሆኛለሽ? ለምንድነው እንደዚህ የምትገግሚው?»

በዚህ ጊዜ ነው ሚስማር ደሟ የፈላው። «ከእንግዲህ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር እንዳታነሽብኝ! አንቺን ብሎ አስተማሪ!» አለቻት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ደህና ዋዪ እንኳ አላለችም።

ሚስማር ይህን ለሬዲዮ አልነገረቻትም። የወደቀውን አንሶላ አንስታ ማዕዘኑን ልታጥፍ ስትል ኮሪደሩ ላይ የሴት ጩኸት ተሰማ።

ሮጠው ወጡ። አንዲት ጠና ያለች እንግዳ ፎጣ ተጠቅልላ በሯ ላይ ቆማለች። ጸጉሯ በሻምፑ አረፋ ተሸፍኗል፤ አረፋው በግንባሯ ወርዶ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ነው። በአንድ ዓይኗ እያየች፣ በእጇ ወደ መታጠቢያ ቤቱ እየጠቆመች ትለፈልፋለች። እንግሊዝኛ ለሷም የባዕድ ቋንቋ እንደሆነ ያስታውቃል፤ አንዱን ቃል ከሌላው እየፈለገች ነው የምትሰካው።

የውሃው መስመር እየተጠገነ ነበር። የፎቁ ኃላፊ እንግዳ ከጠየቃችሁ ይህን በሉ ብሎ ጠዋት አንድ ዓረፍተ ነገር አስይዟቸዋል። ሚስማር ጉሮሮዋን ጠራረገችና «ዘ ዋተር ኢዝ ኦፍ አንቲል ኑን» አለች። ውሃው እስከ እኩለ ቀን ተዘግቷል ማለት ነው።

እንግዳዋ አፍጥጣ አየቻት። «ዋት?»

«ዘ ዋተር ኢዝ ኦፍ አንቲል ኑን።»

«ኑን? ዋት ኑን?»

«ዘ ዋተር! ኢዝ ኦፍ! አንቲል ኑን!»

ድምጿ ኮሪደሩን ሞላው። ከማዶ አንድ በር ገርበብ ብሎ ተመልሶ ተዘጋ። እንግዳዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ የምትደበድባት ሳይመስላት አልቀረም። ሬዲዮ በመሃላቸው ገባች። መጀመሪያ በእጇ የቧንቧ መዝጊያ አዙራ አሳየች። «ኖ ዋተር» አለች። ቀጥላ የእጅ ሰዓቷን ወደ እንግዳዋ አስጠግታ፣ ሁለቱ ዘንጎች የሚገናኙበትን ላይኛውን ቁጥር በጣቷ መታ መታ አደረገች። «ሂር፣ ዋተር ከም።» ከዚያ ከጋሪው ላይ ሁለት ጠርሙስ የታሸገ ውሃ አንስታ ጸጉር እንደሚያለቀልቅ ሰው ጎንበስ አለች። «ናው፣ ዚስ።»

እንግዳዋ በአረፋው ውስጥ ሳቀች። ጠርሙሶቹን ተቀብላ፣ የሬዲዮን ክንድ ጨበጥ አድርጋ በሩን ዘጋች። ሚስማርን ዞር ብላም አላየቻት።

«እኔ ያልኩትን እኮ ነው ያልሽው!» አለች ሚስማር፣ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ።

«እሱማ እሱ ነው።»

«ታዲያ ለኔ ሲሆን ለምን ደነቆረች?»

«አንቺ አንዱን በር ይዘሽ ስትደበድቢ፣ እኔ ዞሬ በጓሮ ገባሁ» አለች ሬዲዮ ጋሪውን እየገፋች። «አትናደጅ። ይልቅ ያንን አልጋሽን ደግመሽ አንጥፊው።»

ሚስማር የቀረውን ክፍል ሁሉ አጸዳች። ትራሶቹን እያነሳች ስትደበድባቸው ጥፋት ያጠፉ ነበር የሚመስሉት።

ፈተናው የሚሰጠው ከሪሴፕሽኑ ጀርባ ባለች ጠባብ ቢሮ ነው። ሬዲዮ ቀድማ ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ እየሳቀች ወጣች። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራትና አምስት መልስ እየደረደረች አሰልጣኟን ይብቃሽ አሰኝታታለች አሉ። ሚስማር ገባች። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ካቢኔ። አልጋ የለም። እንደማይኖር ታውቅ ነበር፤ ቢሆንም ዙሪያዋን በዓይኗ ፈለገችው።

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አለች አሰልጣኟ። ከሚስማር ልጅ ብዙም የማትበልጥ፣ ለስላሳ ንግግር ያላት ወጣት ናት። «እንጀምር? አይፍሩ፣ የሚያውቁትን ነው። ሜይ አይ ከም ባክ ሌተር? በሌላ አባባል ይበሉልኝ።»

በኋላ ተመልሼ ልምጣ ወይ ነው። ሚስማር ታውቀዋለች። እሱ ያለው ብርድ ልብሱ ጋ ነው። ግን ብርድ ልብስ ያለ አንሶላ እንዴት ይነጠፋል? ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች።

«ወዴት ነው?»

«አንዴ ታገሺኝ፣ የኔ ልጅ።»

በጠረጴዛው ቀኝ ቆመች። በሁለት እጇ የሌለ አንሶላ ገፈፈች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በአሰልጣኟ ጀርባ ዞራ በግራ በኩል ደገመች። አዲሱን ዘረጋች። ማዕዘኑን አጠፈች። ትራሶቹን አለበሰች። በሦስተኛው ዙር አሰልጣኟ እንድታልፍ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችላት። ሚስማር ብርድ ልብሱ ጋ ስትደርስ «ሻል አይ ክሊን ኢት አናዘር ታይም?» አለች፣ እያለከለከች፤ ሌላ ጊዜ ላጽዳው ወይ ማለቷ ነው።

«ትክክል ነው» አለች አሰልጣኟ። ሳቋን ይሁን ድንጋጤዋን እንደዋጠች አይታወቅም። «ግን እትዬ፣ እንግዳው አልጋ እስኪያነጥፉ ቆሞ ይጠብቅዎታል?»

«ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይመጣልኝም።»

«እሺ። እስቲ ዛሬ የሆነውን እንውሰድ። ዘ ዋተር ኢዝ ኦፍ አንቲል ኑን። ይህንን ላልገባው ሰው እንዴት ይሉታል?»

ሚስማር እጆቿን አነሳች። አንሶላው ላይ የለም። ማዕዘኑ ላይ የለም። ትራሱን በሐሳቧ ገለበጠችው፤ ከሥሩም የለም። ሬዲዮ ያለችውን በጆሮዋ ሰምታለች፤ በዓይኗም አይታለች። ያንን ደግማ ከማለት ግን ሞቷን መረጠች።

«ይሄ አልጋው ላይ አልነበረም» አለች በመጨረሻ።

«አዎ፣ አልነበረም። እንግዶቹም የሚጠይቁት አልጋው ላይ ያለውን ብቻ አይደለም።» አሰልጣኟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ላሳልፍዎት አልችልም። ግን ነገ ጠዋት የማታ ተረኞቹ ይፈተናሉ፤ ከነሱ ጋር ይምጡ። ከዚያ በኋላ በኔ እጅ አይደለም። ደግሞም ከፈለግሁበት ነው የምጀምረው፤ አስቀድሜ ልንገርዎት።»

ሚስማር እግዜር ይስጥልኝም ሳትል ወጣች። በሠራተኞች በር በኩል ስታልፍ ከምድር ቤቱ መተንፈሻ የሚወጣው ትኩስ እንፋሎት ፊቷን መታው፤ ሳሏ ተነሳ። መንገዱን ሁሉ ስትነጫነጭ ሄደች። በአሰልጣኟ ተናደደች፣ በሥራ አስኪያጁ፣ በሬዲዮ ሰዓት፣ በሴትዮዋ አረፋ። ቤቷ ስትደርስ የሚናደዱበት ሰው አለቀባት፤ የቀረችው እሷው ራሷ ነበረች።

የልጅቷ ክፍል በር ተዘግቷል። ሚስማር ሾርባ ሠራች፣ ሁለት ሳህን አቀረበች፣ ሄዳ አንኳኳች።

«እራት ደርሷል።»

«አልራበኝም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ቀረብሽ ብላ ተመልሳ ብቻዋን ትበላ ነበር። «እራት ደርሷል!» አለች ጮክ ብላ። ለሦስተኛ ጊዜ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ያች አረፋ የሸፈናት ሴትዮ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ታየቻት። አፏን መልሳ ገጠመች።

በሩ ላይ ቆመች። እጆቿ የሚይዙት አጥተው መቀነቷን ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ።

«ብቻዬን መብላት አስጠልቶኛል» አለች ቀስ ብላ።

ከውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ሚስማር አንዲት ቃል ፈለገች። ታውቃታለች፣ አጭር ናት፣ ሰው ሁሉ በየቀኑ ይላታል። አልወጣ አለቻት። እንግዲያው ዞራ ሌላ ፈለገች።

«ጠዋት...» አለች። «አንቺን ብሎ አስተማሪ ያልኩት... እኔን ብሎ ተማሪ ለማለት ነው።»

በሩ ገርበብ አለ። የልጅቷ አንድ ዓይን ታየ፣ ቀላ ያለ። «ይቅርታ እያልሽኝ ነው?»

«በሌላ አባባል» አለች ሚስማር።

ልጅቷ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። «ወደቅሽ አይደል?»

«ወደቅሁ። ነገ ጠዋት ደግሞ አለ።»

ልጅቷ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሌላ ምንም ሳትጠይቅ ወደ አልጋዋ ሄደችና፣ እንደ ሁልጊዜው ለእናቷ ጥናት አልጋውን ልታዘጋጅላት አንሶላውን ከጫፉ ያዘች። ሚስማር ተከትላት ገብታ እጇን ያዘቻት።

«ተይው፣ እንደተነጠፈ ይቆይ» አለች። በተነጠፈው አልጋ ላይ ቁጭ ብላ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ቀበረቻቸው። «ነይ እዚህ ተቀመጪ። ከመሃል ጀምሪ።»