የሁለት ሰው ማማ

ስቱሬ በዚያ ቅዳሜ ወደ አደን ጎጆው የሄደው ሊመርጥ ሳይሆን ሊያውክ ነበር። ይህንንም ከማንም አልደበቀም። የአዳኞች ማኅበሩ በጠመንጃ መነጽር ፊት የሚገጠም፣ በጨለማ የሚያሳይ መሣሪያ ሊገዛ ነው ሲባል ከሰማ ጀምሮ፣ «እኔን ያስተማረችኝ ጨረቃ ናት፤ እሷ ካልወጣች እኔም አልወጣም» እያለ አገር ሲያስቸግር ከርሟል።

የደበቀው ሌላ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ዳፍንት ይዞታል። ቀን ቀን ጋዜጣ ያነባል፣ መኪና ይነዳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ዓለም አመድ ይሆንበታል። ጨረቃ ሙሉ ሆና ብትወጣም እንኳ ማሳው ለእሱ አንድ ግራጫ ብርድ ልብስ ነው። ይህን ለሐኪሙ ነግሯል። ለአልቫር አልነገረም። አልቫር ደግሞ ሠላሳ ዓመት ማማ ላይ ትከሻ ለትከሻ አብሮት የተቀመጠ ሰው ነው! የዱር አሳማ ከጫካ ሲወጣና አልቫር በክርኑ ነካ ሲያደርገው፣ ስቱሬ ጠመንጃውን ያነሳል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ያወርደውና «ልጆች አሏት፣ ትሂድ» ይላል። እንዲህ እየተባለ ሁለት ክረምት አለፈ።

ፍርሃቱ ግልጽ ነው። የማይተኩስን ሰው ማን ማማ ላይ ያወጣዋል? መሣሪያው ከመጣ አዳኝ ጨረቃም አያስፈልገው፣ ጓደኛም አያስፈልገው። ብቻውን ይወጣል፣ ብቻውን ተኩሶ ይመለሳል።

ያ ማማ ደግሞ እንዲሁ ማማ አይደለም። በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። አግዳሚ ወንበሩን ሲለኩ አልቫር «ለአንተ መቀመጫ አንድ ሳንቃ እንጨምር» ብሎት ስቱሬ መዶሻውን ሊወረውርበት ምንም አልቀረውም። ያኔ ሁሉ ነገር በጨረቃ ነበር። በሁለቱም ቤት የወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ የጨረቃዋ ቀኖች ተከበዋል፤ በእነዚያ ቀኖች ልደት የለ፣ ግብዣ የለ። የአልቫር ሚስት ጉንቮር «እኔ ያገባሁት ለጨለማው ሳምንት ብቻ ነው» ትል ነበር። በረዶ ወድቆ ጨረቃ ስትወጣማ አይ ያ ብርሃን! የጥንቸል ጆሮ ከማሳው ማዶ ይታያል። የመጀመሪያዋ አሳማ የወጣች ቀን ሁለቱም ጠመንጃ መያዛቸውን ረስተው አፋቸውን ከፍተው ሲያዩዋት፣ በልታ ጠግባ ሄደች። እስከ ቤት ድረስ እንደ ሰካራም እየተደጋገፉ ሲስቁ ነው የሄዱት። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ስቱሬ ግን አይቶታል፣ ለዚህም ነው የሚያንገበግበው።

ቅዳሜ ዕለት ጎጆው ዘንድ አምስቱም የማኅበሩ ሰዎች ተገኙ። የማኅበሩ መሪ ኡልሪካ ናት፤ አሳማዎቹ የድንች ማሳዋን እንደ ትራክተር ስለሚያርሱባት ትዕግሥቷ አልቋል። ባሏ ዬንስ እሳት አንድዶ ቋሊማ ይጠብሳል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሪካርድ ሁለት መሣሪያ ከሱቅ ተውሶ መጥቷል። አንደኛው የሰውነትን ሙቀት ነው የሚያየው፤ ትኩስ ነገር ሁሉ በውስጡ ነጭ ሆኖ ይበራል። ሁለተኛው የከዋክብትን ጭላንጭል አጉልቶ ሁሉንም በአረንጓዴ ያሳያል። ወዲያው «ነጩ» እና «አረንጓዴው» ተባሉ።

በቀን ብርሃን በእያንዳንዱ ተኮሱ፣ ጥይቱ አቅጣጫ ይስት እንደሆነ ለማየት። አረንጓዴው ጥይቱን ያለ መሣሪያው ከሚመታበት አላናወጠውም። ነጩ ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋው። ሪካርድ «ይስተካከላል፣ ቀላል ነው» አለ። ኡልሪካ በበኩሏ ነጩን በጎጆው መስኮት ወደ ውጭ ብታነጣጥር መስታወቱ ላይ የገዛ ምስሏን እንጂ ሌላ ነገር አላየችም። ሙቀቱ በመስታወት አያልፍም።

«እንግዲህ በታኅሣሥ ብርድ የማማውን መስኮት ከፍተን ሳንባችንን እናስመታ?» አለች።

«ካፖርት ደርቢ» አላት ሪካርድ። «ጭጋግ ሲወርድ ያንቺ አረንጓዴ ወተት ነው የሚያሳይሽ።»

በዚያ ሰሜን አገር የታኅሣሥ ቀን አጭር ነውና ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ጨለመ። ኡልሪካ ከኮምፔርሳቶ የቆረጠቻትን እናት አሳማ ከማሳው ማዶ አቆመች፤ ነጩ እንጨት ስለማያይ ሆዷ ላይ የሙቅ ውሃ ላስቲክ አሰረችባት። ከጎኗም ዝንጉርጉር ግልገሎች ቀብታ አስጠግታለች፤ የእነሱ ሙቀት ደግሞ ካልሲ ውስጥ የተቋጠረ የተቀቀለ ድንች ነው። ድንቹን ስትቀቅል ሁሉም አይተዋታል፤ የምን እንስሳ እንዳቆመች ግን ለማንም አልተናገረችም።

«ከመታሁት እራት ይሆነናል» አለ ሪካርድ።

ጠመንጃው ጥይት አልጎረሰም። ለማየት ብቻ ነው፣ ተራ በተራ። ስቱሬ መጨረሻ ላይ ደረሰው። መጀመሪያ በአረንጓዴው አየ። የአተር ሾርባ! ከላይ እስከ ታች የአተር ሾርባ ብቻ።

«ደህና ነው» አለ አፉን ሞልቶ። ውሸቱን ነው።

ሪካርድ ነጩን ገጠመለት። ስቱሬ ዓይኑን አስጠጋ፤ ከዚያ ሳያስበው ጮኸ።

«አየሁት! አየሁት እኮ! ይኸው፣ ነጭ ሆኖ ቆሟል! ጥንቸልም አለች፣ ስትሮጥ! ኧረ አልቫር፣ ፈረሶችህ አጥሩ ጥግ ናቸው፣ ሁለቱም!»

«ሽማግሌውን ፍቅር ያዘው!» ብሎ ሪካርድ ሳቀ። አልቫር ግን አልሳቀም። ስቱሬ እንባው መነጽሩ ላይ ሲንጠባጠብ በእጅጌው ጠረገው። ሁለት ዓመት ሙሉ ተዘግቶበት የቆየ በር ተከፈተለት፤ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«ትተኩስ ነበር?» አለች ኡልሪካ።

«እንዴታ! ብቻውን ነው፣ ትልቅ ወንድ።»

ሪካርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስቱሬ፣ ሦስት ልጆች አሏት። ሆዷ ስር ተለጥፈዋል። እኔ በነጩም ቆጥሬያቸዋለሁ» አለው።

ስቱሬ እንደገና አየ። ዓይኑን አጠበበ፣ ከፈተ። አንድ ትልቅ ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ልጆች ያላትን እናት የገደለ አዳኝ እጁን የሚጨብጠው የለም፤ ሕጉም ይቀጣዋል፣ ከሕጉ ይልቅ ግን ዝምታው ይገድላል።

«ድንቹ በርዷል እኮ!» ብሎ አልቫር ተቆጣ። «የቀዘቀዘ ድንች ማን ያያል? የማይረባ ፈተና ነው!»

«ይበቃል፣ እንምረጥ» አለች ኡልሪካ ወደ ጎጆው እያስገባቻቸው።

አልቫርና ሪካርድ ነጩን አሉ። ኡልሪካ አረንጓዴውን አለች። ዬንስም ለቤቱ ሰላም ሲል አረንጓዴውን አለ። ቀሪው ስቱሬ ነው፤ ሁሉም ዞረው አዩት። ነጩን ፈልጎታል፣ በሆዱም በነፍሱም ፈልጎታል። አንዲት ቃል ቢናገር ዓይኑ ይመለስለታል፣ ጠመንጃውም ማማውም የእሱ ሆነው ይቀራሉ። ግልገሎቹን ግን አላያቸውም፤ ነጩ እጁ ከገባ አንድ ቀን እናት ይገድላል።

«አረንጓዴው» አለ። ቀጥሎም፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ አልተኩስም። ማታ ማታ ዓይኔ አያይም። ሁለት ዓመቱ ነው።»

አልቫር ተነስቶ ወጣ። ስቱሬ ተከተለው፤ የማገዶው ክምር ጋ ጀርባውን ሰጥቶት አገኘው።

«ነጩን የመረጥኩት ለማን ይመስልሃል?» አለ አልቫር ሳይዞር። «ሱቅ ሄጄ ዓይኑ ለታመመ ሰው የቱ ይሻላል ብዬ የጠየቅሁት ለማን ይመስልሃል?»

«ታውቅ ነበር?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በመስከረም፣ ‹ልጆች አሏት፣ ትሂድ› ያልካት ጉቶ ነበረች።»

«ጉቶ?»

«ጉቶ! አሁንም እዚያው አለች። ገና አልሄደችም።»

ስቱሬ ሳቅም ለቅሶም መጣበት። «ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

አልቫር አሁን ዞረ፤ ፊቱ ቀልቷል። «እስክትነግረኝ ነዋ! ሁለት ዓመት ጠበቅሁህ። ለሐኪም ሳትነግር አትቀርም፣ ለእኔ ግን አልነገርክም። እኔ ማነኝ? የማላውቅህ ጎረቤትህ ነኝ?»

«የማይተኩስ ሰው ማማ ላይ ምን ይሠራል ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

«ደንቆሮ» አለው አልቫር። ቋሊማው እስኪያር ድረስ ሁለቱም እዚያው ቆሙ።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ጨረቃ በሌለችበት ጨለማ፣ አልቫር መኪናውን የስቱሬ በር ላይ አቁሞ ጥሩምባ ነፋ። ስቱሬ ያለ ጠመንጃ ማማ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው፤ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው። ፔርሙዙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አቀፈው። አረንጓዴው የአልቫር ጠመንጃ ላይ ተገጥሟል።

ብዙ ተቀመጡ። መጀመሪያ የሰማው ስቱሬ ነው፦ ከጥዶቹ በኩል ውርጭ የያዘው ሣር ኮሽ አለ። የአልቫርን ጉልበት ነካ አደረገ። አልቫር ጠመንጃውን አንስቶ አነጣጠረ፣ ዝም ብሎም አየ፣ አየ።

ስቱሬ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከአፉ ያልወጣች፣ ከምንም በላይ ያፈረባት ጥያቄ ነበረችው። ወደ ጓደኛው ጆሮ ተጠጋ።

«አልቫር» አለው በሹክሹክታ፣ «ምን ይታይሃል?»

አልቫር ከመነጽሩ ሳይነቀል ትንሽ ወደ እሱ ጠጋ አለ።

«ቆይ፣ ከግራ ልጀምርልህ» አለና ይነግረው ጀመር።