ከዝምተኛ መበደር

ምስክሩ «ከሥራ ያሰናበቱኝ እኮ…» ብሎ አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ጸሐፊዋ ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አላነሳችም። ሰውየው ሐሳቡን እስኪጨርስ የምትጠብቅ ይመስል ዓይን ዓይኑን አየችው። አልጨረሰም። ጥግ ላይ ያለችው የኢንተርኔት ሳጥን አረንጓዴ መብራቷን አጥፍታ ቀይ አብርታለች።

በሳምንት ውስጥ በክርክር መካከል ሲቋረጥባት ሁለተኛው መሆኑ ነው።

ሥራዋ አሠሪና ሠራተኛ ሲካሰሱ ለሚዳኝ ቦርድ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ቤቷ ተቀምጣ ክርክሩን በኢንተርኔት ትሰማለች፤ የተባለውን ሁሉ፣ መሐላውንም ስድቡንም፣ ቃል በቃል ትጽፋለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ከጎደለ የተሸነፈው ወገን ያቺን ይዞ ይግባኝ ይላል። የቦርዱ አስተዳዳሪ በዚያው ሰዓት ደወለላት፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«እኔ የሚጽፍልኝ እንጂ የሚገምትልኝ ሰው አልፈልግም። ሐሙስና ዓርብ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ተከታታይ ቀጠሮ አለ። ከሁለቱ በአንዱ ቀን ከጠፉ በቦታዎ ሌላ ሰው ይቀመጣል።»

«ጥፋቱ የእኔ አይደለም። የመስመሩ ድርጅት…»

«የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።» ዘጋው።

ታናሽ እህቷ ወደ ፋርማሲው ተረኛነቷ ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች ሁሉንም ሰምታለች።

«ደውይና ጩሂባቸው እንጂ፣ እትዬ!»

«ሦስት ጊዜ ደውያለሁ።»

«እሱን ነው ደወልኩ የምትይው? ‹ይቅርታ ካስቸገርኳችሁ› እያልሽ? የሰማሽ ሰው መስመሩን የበጠስሽው አንቺ ነሽ ነው የሚለው!»

«ጩኸት ምን ይፈይዳል? ሰው በሥርዓት ሲናገር…»

«እንግዲያው ሥርዓትሽን ሰክተሽ ጻፊበት፤» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ድርጅቱ አዲስ ነው። አምና ሲመጣ ሠራተኞቹ በየደጁ እየዞሩ፣ ጥርሳቸውን እያሳዩ፣ ሰውን ሁሉ አስፈረሙ። ዘንድሮ ደግሞ መስመር ማሻሻል ጀመረ። ማሻሻል ከጀመረ ወዲህ ሕንፃው ውስጥ ሰላም የለም። በየማለዳው ስልክ ላይ አንድ መልእክት ይመጣል፤ «ውድ ደንበኛችን፣ ለተሻለ ነገ ስንተጋ ለሚፈጠረው መጠነኛ መቆራረጥ ይቅርታ እንጠይቃለን።» ጸሐፊዋ ቃል መዝና የምታድር ሰው ናትና «መጠነኛ» የምትለዋ አንጀቷን ታሳርራታለች። በደወለች ቁጥር ማር የተቀባ ድምፅ ያለው ሰው ቅሬታዋን ይመዘግባል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ «ችግርዎ ተፈትቷል» የሚል ይደርሳታል። አንዳንዴ እውነትም ተፈትቶ ታገኘዋለች። ሲነጋ ግን መብራቷ እንደገና ቀይ ናት።

የምድር ቤቱ ጎረቤት መስመር ግን ለአፍታም አይጠፋም። ሕንፃው ሰውየውን «ሳይረን» ይለዋል። ቅሬታ ሲኖረው ስልኩን ይዞ ደረጃው ሥር ይቆምና አምስቱም ፎቅ እስኪሰማ ድረስ የድርጅቱን ዘር ማንዘር ይቆጥራል። ጸሐፊዋ በዚህ ሰው ስታፍር ኖራለች።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መብራቷ ቀይ ሆነች።

ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ደረጃውን ወረደች። ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ መካከል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የብረት ሳጥን ተከፍቷል። አንድ ጎልማሳ ቴክኒሻን የሚያመውን ጉልበቱን ዘርግቶ፣ አፉ ውስጥ ፒንሳ ነክሶ ሽቦ ያገላብጣል። ጎኑ መሬት ላይ የራሱ ስልክ ይንጫጫል።

«የሦስተኛ ፎቅ መስመር አሁን ተቋረጠ፤» አለችው። «እርስዎ ነዎት የነቀሉት?»

ፒንሳውን ከአፉ አወጣ። «እናቴ፣ ይደውሉና ያስመዝግቡ።»

«አስመዝግቤያለሁ። ሦስት ጊዜ።»

«አራተኛ ያስመዝግቡ።»

መልስ ልትሰጠው ስትል ዓይኗ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። አሥር ቀዳዳ አለ። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ በላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ማንበብ ሥራዋ ነው፤ አነበበች። «ምድር ቤት፣ ይጮኻል።» «አንደኛ ፎቅ ቀኝ፣ ይጮኻል፣ ይሳደባል።» «አምስተኛ፣ ጠበቃ ነኝ ይላል።» ወረድ ብሎ «ሁለተኛ ፎቅ፣ ዝምተኛ።» ከሥሩ «ሦስተኛ ፎቅ፣ ዝምተኛ።» የእሷ ገመድ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። በቀዳዳዋ የሳይረን ገመድ ገብቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሰውየው ፕላስተሮቹን በክንዱ ሊከልል ሞከረና ተወው። ትከሻውን ሰበቀ።

«አዲሱ ሳጥን ሲመጣ አራቱ ቀዳዳ በድን ነው የመጣው። መለወጫው መርከብ ላይ ነው ይላሉ። መርከቡ የት እንዳለ እግዜር ይወቀው። አሥር ቤት፣ ስድስት ቀዳዳ። እኔ ምን ላድርግ? እንበዳደራለን።»

«ከማን?»

«ካልጮኸ ሰው ነዋ፣ እናቴ! የሚጮኸውን ብነቅል ወዲያው ይደውላል፤ ቅሬታው በእኔ ስም ይጻፋል። በሳምንት ሦስት ከተጻፈብኝ ከሥራ ውጪ ነኝ። ዝም ያለው ግን ወይ አይደውልም፣ ወይ ሲደውል ይቅርታ ይጠይቃል።»

የጸሐፊዋ ጆሮ ጋለ። እህቷ ከኋላዋ ቆማ የምትስቅባት መሰላት።

«መልሰህ ሰካው፤» አለችው። «እርስዎ» ማለቱ ከአፏ ጠፋ። «ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ አለኝ። ዛሬ ከተቋረጥኩ እኔም ከሥራ ውጪ ነኝ። ከሳይረን ንቀልና መልሰህ ሰካው።»

«እሱን? እሱን ከምነካ የመብራት ኃይል ሽቦ ብልስ ይሻለኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይስሙኝ። የሁለተኛ ፎቁን ልስጥዎት። ሰዓት ሠሪው ሰውዬ። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ቃል አይተነፍሱም።»

ሰዓት ሠሪውን ታውቃቸዋለች። ባለቤታቸውን ከቀበሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ኢንተርኔቱ ለልጃቸው ነው። ሩቅ አገር ያለች ልጃቸው በየቀኑ በምሳ ሰዓት በምስል ትደውልላቸዋለች። ደረጃ ላይ ሲያገኟት ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ግድግዳውን ተጠግተው ነው የሚያሳልፏት።

«ሌላ የለም?»

«አራተኛውን ትናንት ወስጄዋለሁ። ሌላው ሁሉ አፍ አለው።» ሰዓቱን አየ። «ቶሎ ይወስኑ፣ ሌላ ሕንፃ ይጠብቀኛል።»

ለሦስት ሰዓት ሃምሳ ደቂቃ ቀርቷታል። ጸሐፊዋ የደረጃውን ብረት ያዘች። ክፉ ሰው አይደለሁም ብላ አሰበች፤ እንዲህ ብሎ ማሰብ መጀመሩ ራሱ ደስ አላላትም።

«ሰካው፤» አለች።

ሲሰካው ቆማ አየች። የሰዓት ሠሪውን ፕላስተር ልጦ ጣለና የእሷን በቦታው ለጠፈ። «ሦስተኛ ፎቅ፣ ዝምተኛ።»

«ቢያንስ ይህን ለውጠው።»

«ምን ብዬ?»

«ትጮኻለች በል።»

ሳቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «መዝገቡ ላይ ጩኸት የለዎትማ! ቀጣዩ ተረኛ ከመዝገቡ ጋር ያስተያየዋል። መጀመሪያ ይጩኹ፣ ከዚያ እንጽፍልዎታለን።»

የሐሙሱ ክርክር አንድም ጊዜ ሳይቆራረጥ ሄደ። ምስክሩ ለምን እንደተባረረ ተናገረ፤ የአሠሪው ጠበቃ ውሸታም አለው፤ ጸሐፊዋ ሁለቱንም ቃል በቃል ጻፈች። ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ሲነሱ በሩ ተንኳኳ። በጣም በቀስታ፣ በአንድ ጣት።

ሰዓት ሠሪው ነበሩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል።

«ልጄ፣ ይቅርታ ካስቸገርኩሽ። የእኔ መስመር ከጠዋት ጀምሮ የለም። ልጄ ስትደውል ካጣችኝ አንድ ነገር ሆነ ብላ ትጨነቃለች። አንቺ ጋ እንዴት ነው?»

በሩን በትከሻዋ ጠበብ አደረገችው።

«እኔም ጋ የለም፣ ጋሼ።»

እንዴት እንደወጣት አታውቅም። ወጣ።

«አንቺም? ታዲያ ሥራሽ?» ፊታቸው በእውነት ተከፋ። «እንዲህማ አይሆንም። ስልኩን አያነሱትም፤ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ቢሮአቸው ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። የሁለታችንንም አመለክታለሁ።»

«ኧረ ይተዉት፣ ጋሼ። ፀሐዩም…»

«አይ፣ እኔ እንደሁ ሥራ የለኝ።» ወረዱ። ከደረጃው መታጠፊያ አልፈው ኮታቸውን ሲለብሱ ሰማች። ተጣርታ ልትመልሳቸው አፏን ከፈተች። ከውስጥ ኮምፒውተሩ ጮኸ፤ ክርክሩ ሊቀጥል ነው። ገባች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስተዳዳሪው ደወለ። «ዛሬ ንጹሕ ነው። ነገም እንዲህ ከሆነ እንቀጥላለን፤» አለ። ስልኩን እንዳስቀመጠች በሩ ተመታ፤ በጣት ሳይሆን በመዳፍ።

ሰዓት ሠሪው ላባቸው በአንገታቸው ይወርዳል። ባርኔጣቸውን አላነሱም።

«የአንቺ ይሠራል አሉኝ።»

ጸሐፊዋ የበሩን እጀታ ያዘች።

«ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና ‹የሦስተኛ ፎቅማ ጠዋቱን ሙሉ ሲሠራ ውሏል› አለችኝ። ውሸትሽን ነው አልኳት። እሷ የምትዋሽ ሴት አይደለችም፣ ቃል መዝጋቢ ናት፣ ጎረቤቴ ናት አልኳት። ጮህኩባት። ጠረጴዛ ደበደብኩ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ዘበኛ ተጠራብኝ! ልጅቷ አለቀሰች፤ ያለቀሰችው እውነት ተናግራ ነው። ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ጠዋትም?»

«ጠዋትም። ቴክኒሻኑ የእርስዎን ቀዳዳ ለእኔ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ቆሜ አይቻለሁ። ጋሼ፣ ሥራዬን ላጣ…»

«ሥራሽን!» ድምፃቸው ደረጃውን ይዞ ወረደ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው ማንም አያውቅም ነበር። ምናልባት እሳቸውም ዛሬ ነው ያወቁት። «እኔስ ልጄን! ፊት ለፊት ቆመሽ ‹እኔም ጋ የለም› ትይኛለሽ? ዓይንሽን በጨው አጥበሽ?»

ከታች የሳይረን በር ተከፈተ። «እሰይ፣ አባቴ!» አለ እያጨበጨበ። «እንዲህ ነው እንጂ! ሕንፃው ነቃ!»

«ዝም በል አንተ ባለጌ!» አሉት ሰዓት ሠሪው፤ ወደ እሷ ግን እንደዞሩ ናቸው። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት መጥተው ይሠሩልኛል። ምለው ነው የላኩኝ፤ ዘበኛው ሳይቀር እስከ በር ሸኘኝ። አንቺ ግን ከእንግዲህ ደጄ እንዳትደርሺ። ደረጃ ላይም ብታገኚኝ አላውቅሽም።»

ጀርባቸውን ሰጥተዋት መውረድ ጀመሩ። ጸሐፊዋ በተከፈተው በር ላይ ቆማ ቀረች። ሐፍረቱ ከእግሯ ጀምሮ ወጣባት። ገና አንገቷ ላይ ሳይደርስ ግን ሌላ ነገር ቀደመው። ሁለት ሰዓት። ሁለት ሰዓት ላይ ለሰዓት ሠሪው ሊሠሩላቸው ይመጣሉ። በምን? በድን የሆኑት ቀዳዳዎች እንደሆኑ በድን ናቸው፤ መለወጫው እንደሆነ መርከብ ላይ ነው። ሰውየው ዛሬ ጮኸዋል፣ ስማቸው ከጯሂዎች ተርታ ገብቷል። በስድስቱ ቀዳዳ ላይ «ዝምተኛ» የሚል አንድ ፕላስተር ብቻ ቀርቷል። ዓርብ ሦስት ሰዓት ክርክሩ ይቀጥላል።

ስልኩን አነሳች። ማር የተቀባው ድምፅ ወዲያው መጣ።

«ውድ ደንበኛችን፣ ምን እንርዳዎ?»

«ይቅርታ ካስ…» ብላ ጀመረችና ቃሉን በጥርሷ ያዘችው። ትንፋሿን ሰበሰበች።

«የእኔን መስመር እንዳትነኩ!»

ከደረጃው በታች የሰዓት ሠሪው እርምጃ ቆመ።

«እመቤቴ፣ መስመርዎ እኮ እየሠራ ነው። ምንድን ነው ችግርዎ?»

«ችግሬ እናንተ ናችሁ! ነገ ሁለት ሰዓት ለሁለተኛ ፎቅ ስትመጡ የእኔን ገመድ ትነቅሉና ቀዳዳዬን ለእሳቸው ትሰጣላችሁ! በየቀኑ እደውላለሁ! ቢሮአችሁ መጥቼ እቀመጣለሁ! መዝግበው! ጮኻለች ብለህ መዝግበው!»

«እባክዎ ድምፅዎን ትንሽ…»

«አልቀንስም! ከሌላ ንቀሉ!»

ጉሮሮዋ ቆሰለ። የራሷ ድምፅ ከግድግዳው ተመልሶ መጥቶ ፊቷን መታት። ሳይረን አሁን አላጨበጨበም፤ ምናልባት ቀጥሎ ከማን እንደሚነቀል እያሰላ ይሆናል። ሰዓት ሠሪው ከደረጃው መታጠፊያ ላይ ቀና ብለው ያዩዋት ነበር።

«ከማን?» አሏት።

ጸሐፊዋ ዓይኗን ከእሳቸው አነሳችና ስልኩ ላይ ይበልጥ ጮኸች።