አስራ ሁለቱ ከሃያው ይበልጣል

ኢቲዳል ባዶውን ጠርሙስ ከጤናዬ የውበት ሳሎን ጓሮ፣ ከቆሻሻ ማዳበሪያው ውስጥ መዛ አወጣችና በተከናነበችው ቶብ ሥር ሸጎጠችው። ሰው ቢያያት አሮጊቷ አበደች ይል ነበር። ይበል! የልጅ ልጇ ዐርዋ ሁለት እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ቤት ተቀምጣለች። ገንፎውን በከንከሴ፣ በባሚያው ወጥ፣ እያጠቀሰች የምታጎርሳት ኢቲዳል፣ ሻሿን የምታስርላት እሷው። ሙሽራ እኮ ናት ልጅቱ! ለሠርጓ ጥቁር ሂና ልትቀባ ጤናዬ ጋ ሄዳ፣ እጇ ውሃ ቋጥሮ እያለቀሰች ተመለሰች።

ይህ ብቻ ቢሆን አላህ ያለው ነው ብላ ትችለው ነበር። ጤናዬ ግን አፏን አልሰበሰበችም። «ሂናዬ ምን አደረገ? ልጅቷ ድሮም የቆዳ በሽታ አለባት» እያለች አወራች። ወሬው ገበያውን ዞሮ ሙሽራው ቤት ገባ፤ እናቱም «ሠርጉ እስቲ ትንሽ ይቆየን» ብለው ላኩ። «ትንሽ ይቆየን» ምን ማለት እንደሆነ ኢቲዳል አታጣውም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚሉት ለካ እውነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስትሰግድ እንኳ ዓይኗ ላይ የሚመጣው የጤናዬ እጅ ነበር። ሲቃጠል።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ፋርማሲስቱ ጣሀ ጠርሙሱን አገላብጦ አየው።

«ኻላ ኢቲዳል፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከየትም ላምጣው። ምንድን ነው?»

«ፐርኦክሳይድ ነው፤ የጸጉር ቀለም የሚበጠበጥበት። ሂናው እንዲጠቁርላቸው ከቀለሙ ጋር ይጨምሩታል።»

«ጤናዬ ስትበጠብጥ ለዐርዋ ምን እንዳለቻት ታውቃለህ? ‹የድሮው ሃያ ነበር፤ ይሄኛው አስራ ሁለት ስለሆነ ደካማ ነው፣ እጥፍ ላድርገው›።»

ጣሀ ጠርሙሱን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እጥፍ አደረገችው?»

«አዎ አልኩህ! ምነው ፊትህ ተለወጠ? ያ ረብ፣ ልጄን ምን አድርጋብኝ ነው?»

«ሃያው ሌላ፣ አስራ ሁለቱ ሌላ ነው ኻላ። ሃያው የሚለካው በቮሊዩም ነው፤ አንዱ ሊትር ሃያ ሊትር ኦክስጅን ይወጣዋል ማለት ነው። አስራ ሁለቱ ግን በመቶኛ ነው። ይኸው ምልክቱ።»

ኢቲዳል እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ ዕድሜዋንም ገበያ ላይ ማሽላ ስትሰፍር ነው የኖረችው።

«አስራ ሁለት ኪሎና ሃያ ጣሳ እንደማለት ነው በለኛ! ሚዛኑን ሳታይ ትንሹ ይሄ ነው አትልም።»

«ልክ ነሽ። ሃያ ቮሊዩም በመቶኛ ሲሰላ ስድስት ነው። ስለዚህ ይሄኛው…»

«እጥፉ ነው» አለች። «እሷ ደግሞ እጥፉን እጥፍ አደረገችው።»

«ለነገሩ ሃያውም ቢሆን ለቆዳ የሚሆን አይደለም።»

ኢቲዳል ጠርሙሱን ነጠቀችው።

«ወዴት ነው?» አላት ጣሀ።

«ሂና ልቀባ!»

ሳሎኑ በሴት ሞልቷል። ከመስኮቱ ሥር የሙሽራው እናት ጎረቤት ተቀምጣለች። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ያለው በሩ አጠገብ በተቀመጠው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ኢቲዳል እዚያው ማንቆርቆሪያው ጎን በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ፈልገው መጡ?» አለች ጤናዬ። «የልጅዎ ቆዳ ከታመመ እኔ ምን ላድርግ?»

ኢቲዳል ልትመልስ አፏን ስትከፍት ወንበሩ ላይ ያለችውን ልጅ አየች። የጤናዬ ልጅ ሰራዊት ናት፤ ለትምህርት ቤት ምረቃዋ ሂና ልትቀባ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ከጎኗ ጥቁሩ ሊጥ በሳህን ተበጥብጧል። ከሳህኑ አጠገብ ያ ጠርሙስ ቆሟል፤ አስራ ሁለት የሚለው፣ አዲስ የተከፈተ።

አፏን መልሳ ገጠመችው።

ዝም ማለት ብቻ ነው። ጣቷን እንኳ ማንሳት የለባትም። ነገ ጤናዬም ልጇን ታጎርሳለች፤ ነገ ጤናዬም የልጇን ሻሽ ታስራለች። ከዚህ የሚበልጥ ካሳ ከየት ይመጣል?

ጤናዬ ብሩሹን ነክራ አነሳች። የልጅቱ አንጓ ቀጭን ነው። መርፌ እንደምትወጋ ሁሉ ዓይኗን ጨፍናለች። ዐርዋም እንዲሁ ትጨፍናለች።

«ቆይ!» አለች ኢቲዳል፤ ድምጿ ራሷንም አስደነገጣት። «መጀመሪያ ያንቺ እጅ ላይ ቀቢው።»

«ምን?»

«የኔዋ ቆዳዋ በሽተኛ ነው አላልሽም? ያንቺው ጤነኛ ነው። ቀቢና እንየው። ወይስ ፈራሽ?»

አንዷ ደንበኛ ሳቀች። «ኧረ ቀቢላቸውና ይሂዱልሽ!»

«ይኸው!» ጤናዬ በንዴት አንጓዋ ላይ ለጠፈችው። «በቃዎት? ደግሞ ለስላሳው ነው፤ አስራ ሁለቱ!»

ሴቶቹ ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። ኢቲዳል የምታየው አንጓውን ብቻ ነው። ጤናዬ መጀመሪያ ክንዷን ቀሚሷ ላይ አሻሸች። ቆየት ብላ እፍ እፍ አለችበት። ቀጥላ በጨርቅ ብትጠርገው ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጥቷል።

«ማሚ፣ ምን ሆንሽ?» አለች ሰራዊት እጇን ሰብስባ።

«ውሃ! ኧረ ውሃ ስጡኝ!»

ማንቆርቆሪያው ኢቲዳል እጅ ገብቶ ነበር።

«ይሄ ከመቶ አስራ ሁለት ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «የድሮሽ ሃያ በዚህ ሚዛን ስድስት ነበር። ልጄን በእጥፉ እጥፍ ነው የጠበስሻት። አሁን የማን ቆዳ ነው በሽተኛው?»

«አላወቅኩም እማማ… በእመቤቴ! ቁጥሩ ሲያንስብኝ ጊዜ…»

«የማን ቆዳ ነው?»

«የማንም አይደለም! ልጅዎ ምንም የለባትም፣ ያቃጠልኳት እኔ ነኝ! ያፍስሱልኝ!»

ኢቲዳል ዞራ ከመስኮቱ ሥር ወደተቀመጠችው ጎረቤት አየች። ማንቆርቆሪያውን አነሳች፤ አፉን ግን ገና አላዘነበለችውም።

«መስኮቱ ጋ ያሉት አልሰሙሽም» አለች። «ድገሚው።»