የይታይሽ ጋን

እህቴ አምሳለ ሥራዋ ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ድሮ «አስተማሪ ናት» ብዬ እገላገል ነበር። እውነቱን ብናገር ማን ያምነኛል? «ሕዝብ እንዴት እንደሚጨረስ፣ ከተጨረሰም በኋላ ምን ዓይነት ተረት እንደሚወራበት ታጠናለች» ብል ዳንግላ ገበያ ላይ ሴቶቹ ሁሉ አማትበው ይሸሹኝ ነበር። እኔም ራሴ መጀመሪያ ስሰማ፣ «ምነው እቴ፣ ሌላ ትምህርት አለቀ እንዴ? አዋላጅ እንኳ ብትሆኚ ምን አለበት?» ብያታለሁ። እሷ ሳቀችብኝ። ዛሬ ግን ስሟ ሲነሳ ከተቀመጥኩበት ብድግ ልል ምንም አይቀረኝም። ለምን እንደሆነ ላውራችሁ።

ቤታችን ከዘንገና ሐይቅ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጄን ውቢትን ይዤ ከአባቴ ከአድማሴ ጋር እኖራለሁ። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ስምጡ የምንለው ጎድጓዳ ሜዳ አለ። በክፉ ቀን፣ ከብቱ አልቆ ሰው በረሃብ ሲረግፍ፣ እዚያ ይኖሩ የነበሩ ሸክላ ሠሪዎች በሁዳዴ ሥጋ በልተው ምድር ተከፍታ ዋጠቻቸው ይባላል። ስለዚህ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ድንጋይ ያነሳና «ከእርግማናችሁ ይሰውረን» ብሎ ይወረውራል። ሕፃን መራመድ ሲጀምር የሚማረው ይህንን ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ወገቤ ድረስ የነበረው ክምር፣ ለወግ ማዕረግ ስበቃ ከቁመቴ በልጦ ነበር። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ እጅ መታጠብ ለምን እንደሆነ ማን ይጠይቃል?

አምሳለ ናት የጠየቀችው። እሷ እንደሆነች ከእናቷ ሆድ ጀምራ ጠያቂ ናት። ዳንግላ ትምህርት ቤት ገባች፣ አዲስ አበባ ሄደች፣ ከዚያ ባሕር ተሻግራ የፖለቲካ ትምህርት ተማረች። እዚያ ያስተማራት ሽማግሌ፣ በታላቁ ጦርነት ዘመዶቹ በሙሉ የተፈጁበት ሰው ነበር አሉ። ያ ሰው፣ «ሰው ከመፈጀቱ በፊት ወሬ ይወራበታል፤ ከተፈጀ በኋላ ደግሞ ወሬው ይቀየርና ጥፋቱ የሟቹ ይሆናል» ብሎ አስተማራት። እሷ ይህን ስትሰማ ማንን አስታወሰች መሰላችሁ? የኛን ስምጥ። በዓለም ላይ ስንት አገር እያለ!

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት መነጽሯን ሰክታ ከአውቶቡስ ወረደች። የመጨረሻ ጽሑፏን ስለ ስምጡ ልትጽፍ ነበር የመጣችው። መምህሮቿ ግን ምስክር የሌለው ተረት ያው ተረት ነው ብለዋታል። ስለዚህ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ያየውን የሚናገር ፈለገች። ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው ሽማግሌዎች ደጅ ያልቆመችበት የለም። ሁሉም «ምድር ዋጠቻቸው» አሉና ጠላ ቀዱላት።

በዚህ መሃል ጉዱ ፈላ። ውቢት ለአየነው ልጅ ታጭታለች፤ አየነው የአካባቢው ፈረሰኞች አለቃ ነው፣ በንጉሥ ፊት እንኳ ዓይኑን የማይሰብር ኩሩ። አምሳለ እሱ ቤት ገብታ፣ በተቀመጠ ሰው ሁሉ ፊት፣ «ምድር ከዋጠቻቸው ማሳቸውን ማን ተካፈለው?» ብላ ጠየቀች። ከስምጡ ጥግ ያለው ለም እርሻ የማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል፤ የአየነው አያት ነው ያቀናው።  በማግስቱ አየነው መልእክት ላከብኝ። «እህትሽ ካላረፈች ሰርጉ ቀርቷል» ይላል።

አቤት የነደድኩት መንደድ! የሰርጉን ድፍድፍ በትልቁ ጋን ውስጥ እያማሰልኩ ነበር። ጋኑ የአያታችን የእታለማሁ ነው፤ እሷ ናት አባቴን ያሳደገችው፣ የኔም ሰርግ ጠላ የተጠመቀው በዚያው ነው። ማማሰያውን ጥዬ አምሳለ ላይ ጮህኩ።

«ሙት ቀስቅሰሽ ምን ታገኚያለሽ? የልጄን ወግ ልታስቀሪ ነው? ተምረሽ ተምረሽ ድንጋይ ክምር ሥር ምን ገባሽ?»

እሷ ፊቷን ወደ አባታችን አዞረች። እሱ ምሰሶው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ በዚያ ሰሞን ጉልበቱ ከድቶት ከቤት የማይወጣ ሆኖ ነበር።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ። «በየአገሩ የጥላቻ ልማድ ሳጠና የሰው እጅ ማየት ለምጃለሁ። ትናንት ሳስበው እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅ ሆኜ አዝለውኝ በስምጡ ስናልፍ ሁሉም ሰው ድንጋይ ይወረውር ነበር። እርስዎ ግን ጎንበስ ብለው ያስቀምጡ ነበር። ድምፅ እንኳ አይሰማም ነበር።»

በስመአብ! እኔ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ በዚያ መንገድ ስንቴ አብሬው አልፌ፣ አንድም ቀን ልብ አላልኩም። አባቴ ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ። 

«እናቴ ላይ እንዴት ልወርውር?» አለ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ጋኑ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

«ከብቱ ሲያልቅ ቡዳዎቹ በሉት ተባለ» ብሎ ቀጠለ። «መጀመሪያ የተባለው ያ ነው፤ የሁዳዴ ሥጋ የሚሉት በኋላ የመጣ ነው። ሰዎቹ ሊፈጁን ሲመጡ እናቴ እኔን ጋን ውስጥ ከተተችኝ፣ በክዳኑ ከደነችኝ። ራሷ የሠራችው ጋን ነው፤ ገና አልተሸጠም ነበር። ጩኸቱን ሰማሁ። ከዚያ ጩኸቱ አለቀ። እታለማሁና ባሏ ከተረፈው ዕቃ ሊወስዱ መጡ። ጋኑን ቢያነሱት ከበደ። በዚያ ረሃብ፣ ልጆቼ፣ እህል መሰላቸው። እየተደሰቱ በእንጨት አንጠልጥለው ወሰዱት። ቤቷ ደርሳ እህል ብላ ከፈተችው፣ እኔን አገኘች።»

«ምን አለች?» አለች አምሳለ። እያለቀሰች ነበር።

«አለቀሰች። ወልዳ አታውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ ነው ብላ አሳደገችኝ። ድንጋይ መወርወርም እሷ ናት ያስተማረችኝ፤ ካልወረወርክ ያውቁብሃል አለችኝ። እጄ ግን እምቢ አለ።»

ጋኑን አየሁት። የውቢት ሰርግ ድፍድፍ ውስጡ ቡፍ ቡፍ ይላል። በሕይወቴ ሙሉ ያጠብኩት፣ ያጠንኩት፣ የተጎነበስኩበት ጋን! ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንደቆምኩ ዓይነት ፍርሃት ወረረኝ። እኛ ከስምጡ ነን። የወረወርኩት ድንጋይ ሁሉ አያቴ ላይ ነው።

«ምስክርሽን አገኘሽ፤ ጻፊ» አላት አባቴ። «እኔ ግን ሌላ እፈልጋለሁ። እናቴ አልተለቀሰላትም። ሳልሞት ላልቅስላት።»

«ሰው ያወግዘናል አባባ» አልኩ እኔ። «ውቢትስ?»

አምሳለ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገች። ስታስብ እንደዚያ ናት። «የግምጃ ቤት ገበያ ቀን እናድርገው» አለች። «መንገዱ ላይ። ድንጋይ መወርወር ልማድ ነው፤ ለቅሶን አልፎ አለመሄድም ልማድ ነው። የቱ እንደሚበልጥ እንይ።»

ወይ ድፍረት! እኛ አገር ለቅሶ አይታለፍም። ጠላትህም ቢሆን፣ የማታውቀውም ቢሆን፣ ለቅሶ ካየህ ከበቅሎህ ትወርዳለህ፣ ታለቅሳለህ። የሟች ዕቃ ይወጣል፤ ሟቹ ፈረስ ካለው ፈረሱ ያለ ጋላቢ ተጭኖ ይሳባል። አባቴን «ምን ይዘን እንውጣ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እናቴ ፈረስ አልነበራትም» አለኝ። «ጋን ነበራት።»

የልጄን የሰርግ ድፍድፍ በገዛ እጄ ጓሮ ደፋሁት። ውቢት አጠገቤ ቆማ አየችኝ፤ «እማዬ፣ ደግ አደረግሽ» አለችኝና ጋኑን አብራኝ አጠበች።

የገበያው ቀን ማለዳ አባቴን በበቅሎ፣ ጋኑን በቃሬዛ አድርገን ወረድን። ጋኑን ከክምሩ ፊት አቆምነው። ነጠላችንን ዘቅዝቀን ለበስን። አባቴ ተደግፎ ቆመና በአገውኛ ሙሾ ጀመረ። በአገውኛ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም፤ የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር ከዚያ ካረጀ ደረት የወጣው። «ይታይሽ! እናቴ ይታይሽ! ክዳኑን ክፈቺልኝ፣ ነጋ!» ይላል። እኔና አምሳለ ደረታችንን መታን። አላለቅስም ብዬ ነበር፤ ስሟን ስሰማ አቃተኝ። ስም ነበራት እኮ!

ገበያተኛው ከቁልቁለቱ ብቅ አለ። እንደ ልማዱ ገና ከሩቅ ድንጋይ አንስቷል። ለቅሶውን ሲሰማ ቆመ። ከኋላ የመጣውም ቆመ። መንገዱ ሞላ፤ ድንጋይ የያዘ እጅ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ፈጣሪዬን ለመንኩት። አሁን ቢወረውሩ አባቴ ላይ ነው።

አየነው ከነፈረሰኞቹ ደረሰ። እሱም በእጁ ድንጋይ አለ። ሰው መንገድ ለቀቀለት።

«አባ አድማሴ፣ ማን ሞተብዎ?» አለ፣ ከፈረሱ ሳይወርድ።

«እናቴ።»

«እናትዎን እታለማሁንማ የኛ አባቶች ናቸው የቀበሯት። ምን ሆነዋል?»

«እሷ ከጋን አውጥታ ያሳደገችኝ ናት» አለ አባቴ። «የወለደችኝ እዚህ ናት። ከድንጋያችሁ ሥር። ምድር አልዋጠቻትም፤ ጎረቤቶቿ ገደሏት። እኔ እዚህ ጋን ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

 አየነው ጋኑን አየ፣ አባቴን አየ፣ ከማዶ ያለውን የራሱን እርሻ አየ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። አምሳለም፣ ያን ሁሉ አገር የዞረች ሴት፣ ዓይኗ እንደኔው የሰውየው እጅ ላይ ነበር።

አባቴ መልስ አልጠበቀም። ወደ ክምሩ ሄደ፣ በዚያ በከዳው ጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከላይ አንድ ድንጋይ አነሳ። ከኋላው አስቀመጠው። ሁለተኛ ሊያነሳ ዘረጋ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኩት።

«ከብዷታል ልጄ» አለኝ።

አየነው ከፈረሱ ወረደ። የያዘውን ድንጋይ ከመንገዱ ማዶ ጣለ፣ «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ጮኸና ከአባቴ ጎን ተንበርክኮ ክምሩን መናድ ጀመረ። ሴቶቹ እንሥራና ቅርጫታቸውን አወረዱ፣ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። እየተለቀሰ ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ያን ቀን ግምጃ ቤት ገበያ የወጣ ሰው የለም።