ባለ ቀይ ጃኬቱ ገምጋሚ

«ገምጋሚው ባለ ቀይ ጃኬት ነው፤ ከመርከቡ ምግብ አብሳይ ነው የሰማሁት» አለች የመንደሩ ባለ ሱቅ ቦለቴ። ሰኞም አለች፣ ማክሰኞም አለች። ሐሙስ ዱቄት እየመዘነች ስትደግመው አብሳዩ በአፏ ካፒቴን ሆኖ ነበር።

የቱሪስት መርከቡ ኩባንያ አንድ ሰው ተሳፋሪ አስመስሎ ይልካል፤ ሰውየው ካልወደደን መርከቡ ከከርሞ ጀምሮ በዚህች የግሪንላንድ ጫፍ አይቆምም። ወሬው ይኸው ነው። መንደሩ ተተራመሰ። የውሻው ዓይነ ምድር ተጠረገ፤ በየደጁ የተሰቀለው ሥጋ ጓዳ ገባ። ሊቀ መንበሩ ማሳንቲ ደግሞ፣ ቱሪስት ደም ማየት አይወድምና መርከቡ ሳይሄድ ማንም ለአደን እንዳይወጣ ብሎ አወጀ። የአዳኞች መንደር አዳኝ የሌለበት መስሎ እንዲታይ! ይህን የመሰለ ብልህነት በየቀኑ አይወለድም።

የሊቀ መንበሩን የወንድም ልጅ ኢናሉክን ግን ሁለት ዓመት ለፍታ በእጇ የሠራቻት ካያክ፣ ያቺ ጠባብ የአደን ጀልባ፣ ባሕሩ ዳር ትጠብቃታለች። በአገሩ ልማድ፣ ያ ጥርሱ እንደ ጦር የወጣ ዓሣ ነባሪ አስቀድሞ ከካያክ ላይ ካልተወጋ ጥይት አይተኮስበትም። መጀመሪያ የወጋው አዳኝ ይባላል። እሷ እስካሁን «ጀልባ ጠራቢዋ» ነው የምትባለው፤ ያውም እየተሳቀባት።

ቅዳሜ መርከቡ መልሕቁን እንደ ጣለ ከኮረብታው ላይ ጩኸት ተሰማ፦ ዓሣ ነባሪዎቹ ገቡ! ኢናሉክ ጦሯን አነሣች።

«አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው?» ማሳንቲ መንገዷን ዘጋ።

«አጎቴ፣ አትሰማም እንዴ? መጡ እኮ!»

«ነገም ይመጣሉ።»

«ቀጠሮ ሰጡህ?»

«አፍሽን ያዢ! ከበሮሽን አንሺና ለባለ ቀይ ጃኬቱ ምቺለት። ወይስ ዕድሜ ልክሽን ‹መርከብ ያስቀረችው› መባል አማረሽ?»

ይህችኛዋ ስም ከፊተኛዋ ትከፋለች። ኢናሉክ ጦሯን አስቀመጠች።

የመጀመሪያው ተሳፋሪ ከጀልባ ወረደ፤ ቀይ ጃኬት። ማሳንቲ ወንበር ይዞ ሮጠ። ሁለተኛውም ቀይ። ሦስተኛዋም። መርከቡ ለሁለት መቶውም ተሳፋሪ አንድ ዓይነት ጃኬት አድሏል። ማሳንቲ ወንበሩን እንደ ታቀፈ ወደ ቦለቴ ዞረ።

«የትኛው ነው?»

«ቀዩ ነዋ» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ኢናሉክ ከበሮዋን መታች። ከእንግዶቹ ጀርባ፣ ባሕሩ ላይ፣ የዓሣ ነባሪዎቹ ትንፋሽ ብን ብን ይል ነበር። አንዲት ባለ ቀይ ጃኬት አሮጊት ጠጋ አሉና «እዚህ አዳኝ የለም እንዴ?» ሲሉ ጠየቋት።

«ድሮ ነበር ይባላል» አለች፣ አጎቷን እያየች።

መርከቡ ሄደ። ዓሣ ነባሪዎቹም ሄዱ፤ በማግስቱ ለማሳንቲ ቀጠሮ ብለው አልተመለሱም። ባሕሩ በረዶ ያዘ፤ ካያኳም መደርደሪያዋ ላይ ወጣች።

ጥቅምት ላይ ኢናሉክ ስኳር ልትገዛ ስትሄድ የቦለቴ ሚዛን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ጎንበስ ብላ እግሩ ሥር የተወሸቀውን ወረቀት አወጣችው፤ የመርከቡ ኩባንያ ማኅተም ያለበት፣ ያልተከፈተ ፖስታ ነው።

«እሱማ መርከቡ ሳይመጣ፣ በሚያዝያ የደረሰ ማስታወቂያ ነው» አለች ቦለቴ።

ኢናሉክ ቀድዳ አነበበችው። ገምጋሚው ይህ ሁሉ ከመሆኑ ከአንድ ዓመት በፊት መጥቶ ሄዷል። መርከቡ ለአምስት ዓመት በመንደሩ እንዲቆም ተወስኗል። ደብዳቤው ሲያበቃ እንዲህ ይላል፦ «ተሳፋሪዎቻችን ከሁሉ አብልጠው የወደዱት አዳኞቻችሁን ነው፤ እባካችሁ ምንም ነገር አትለውጡ።»