ዋስ ያጣ መሐላ

ወይዘሮ የሺወርቅ ሕልማቸውን ሳይናገሩ ፊታቸውን አይታጠቡም። ውኃ ከነካው ይደበዝዛል ባይ ናቸው። ስለዚህ ልጃቸው አሰለፈች በየማለዳው ለሥራ ስትጣደፍ፣ አንድ እጇን ካፖርቷ ውስጥ ከትታ ሌላውን ሳታስገባ፣ ቆማ ታዳምጣቸዋለች። በእናቷ ሕልም ሮማና መንዝ ድንበር የላቸውም። የሮማው የካዚሊና መንገድ ትንሽ ባቡር ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል፣ የሚነዱትም ከሞቱ አርባ ዓመት ያለፋቸው አጎታቸው ናቸው፣ ቲኬት የሚጠይቅ የለም። አሰለፈች እንዲህ ያለውን ሰምታ እውነተኛው ባቡር ላይ ስትሳፈር ግማሽ ልቧ እዚያው ይቀርና አንዳንዴ ሁለት ፌርማታ አልፋ ትወርዳለች። የምትንከባከባቸው አሮጊት፣ ሲኞራ ኦርኔላ፣ ማርፈዷን ለምደውታል።

ወይዘሮ የሺወርቅ ሮማ ከገቡ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። የራሳቸው የሚሉት ገቢ የላቸውም። የሚበሉት የልጃቸውን፣ የሚለብሱት የልጃቸውን ነው፤ የሚተኙበት አልጋ እንኳ በእሷ ስም የተገዛ ነው። ይህን አያማርሩም፣ ግን ለአንድ ቀን አይረሱትም። ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ደግሞ ታናሽየው ልጃቸው ግዛቸው ነው። ለንደን ነው ያለው፤ ወረቀቱ ገና ስላላለቀ ከእንግሊዝ ወጥቶ መመለስ አይችልም። እሳቸው ሊሄዱ ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠየቁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ገቢ የላቸውም ተብሎ ተከለከሉ። ካዩት አሥራ ሰባት ዓመት ሆነ። በስልክ የሚታየውን ፊት እሳቸው እንደ ፊት አይቆጥሩትም፣ እጅ ያልዳሰሰውን። በሕልማቸው ሲመጣም ጀርባውን ሰጥቷቸው ነው የሚቆመው።

አሰለፈች ለእናቷ የጣሊያን ዜግነት ልታስወጣ ቆርጣ የተነሣችው ለዚህ ነበር። የጣሊያን ፓስፖርት የያዘ ሰው ለንደን ለመሄድ ያን ያህል ደጅ አይጠናም። የገቢውን ጥያቄ የእሷ ደመወዝ መለሰው፤ አንድ ቤት ስለሚኖሩ ለእናቲቱም ተቆጠረ። ወረቀት ከአገር ቤት አስመጣች፣ አስተረጎመች፣ ማኅተም አስመታች። የቋንቋውን ፈተና ወይዘሮ የሺወርቅ በሦስተኛው አለፉ፤ የፊተኞቹን ሁለት መውደቃቸውን እስከ ዛሬ የፈታኙ ጥፋት ነው ይላሉ። ከዚያ ሦስት ዓመት ጠበቁ። በሰኔ ወር ዜግነቱ ተፈቀደ የሚለው ደብዳቤ መጣ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፦ በስድስት ወር ውስጥ ኮሙኔ፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቀርበው መማል አለባቸው፤ ካልማሉ የተፈቀደው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል።

አሰለፈች እናቷን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያም መሐላውን ልታስጠናቸው ጀመረች። ለሪፐብሊኩ ታማኝ ልሆን፣ ሕገ መንግሥቱንና ሕጎቹን ላከብር እምላለሁ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እናትየው ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ አልምልም» አሉ።

«ጁራሜንቶ ነው እማዬ፣ ቃል ብቻ እኮ ነው። ሁሉም ሰው ብሎት ይወጣል።»

«ቃል ብቻ» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ፣ መነጽራቸውንም ወደ ማኅደሩ መልሰው ተነሡ።

የሮማው በጋ እንደዚህ አለፈ። አሰለፈች ቄስ ዘንድ ወሰደቻቸው። ቄሱ ለአገር የሚሰጥ ቃል ኃጢአት እንዳልሆነ አስረዷቸው፤ እሳቸውም መስቀሉን ተሳልመው «ኃጢአት ነው መች አልኩ» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ግዛቸው በስልክ ለመነ፤ አዳምጠውት ስልኩን ለአሰለፈች መለሱላት። የጥቅምቱ ቀጠሮ ሲደርስ ጉልበታቸውን አመማቸው። ሌላ ቀጠሮ የተገኘው በታኅሣሥ፣ ስድስቱ ወር ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነበር። አሰለፈች ተናደደች፣ ሳህን ስታስቀምጥ ድምፁ ይሰማ ጀመር። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ግን፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ቆመው በሺህ የሚቆጠሩት ትንንሽ ወፎች ሰማዩ ላይ ሲጠቀለሉና ሲዘረጉ አብረው ያያሉ፤ ያኔ ኩርፊያው ይረሳል። እናትየው አንገታቸው እስኪደክም አንጋጠው «እነዚህን ደግሞ ማን አስምሏቸው ነው እንዲህ ሳይለያዩ የሚዞሩት?» አሉ አንድ ቀን።

በቀጠሮው ማለዳ ፊታቸውን ሳይታጠቡ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። አባታቸውን አይተዋል። አባታቸው በሕይወት ሳሉ የአገር ሽማግሌ ነበሩ። ጥድ ሥር ተቀምጠው ሰው ሊያስምሉ ሲሉ አስቀድመው ዋሱን ይጠይቁታል፤ ዋስ የሌለው አይምልም። የማለው ቃሉን ያፈረሰ እንደሆነ ፍዳው የሚያርፈው ዋሱ ላይ ነበር። ትንሿ የሺወርቅ ሌላ ሰው ባፈረሰው ቃል የጎረቤታቸው በሬ ተነድቶ ሲሄድ ቆማ አይታለች። ሌሊት ያ ጥድ ከነአባታቸው ተርሚኒ ፊት በቅሎ ነበር፤ አውቶቡሶቹም ድምፅ ሳያሰሙ ይዞሩታል።

«ዋስሽ ማን ነው አሉኝ» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ። «ያንቺን ስም መጥራት አቃተኝ። ስበላም ስለብስም በአንቺ ነው፤ አሁን ደግሞ የመሐላ ዕዳ ልጨምርብሽ? እኔ አሮጊት ነኝ፣ ነገ ምን እንደምሳሳት በምን ዐውቃለሁ?»

አሰለፈች አጠገባቸው ተቀመጠች። ስድስት ወር ሙሉ ግትርነት የመሰላት ነገር ለእሷ ማዘን ኖሯል። ስለ ሳህኖቹ አፈረች።

«ዋስዎ እኔ ነኝ» አለች። «በየወረቀቱ ስሜ ከስምዎ ሥር ተጽፏል። ሳይለምኑኝ ነው የገባሁት፤ ቢፈርስም በእኔ ይሁን።»

እናቷ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ?» አሉ። «የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ስትምዪ ዋስሽ ማን ነበር?»

አሰለፈች ያን ቀን አስታወሰች። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስትሮጥ ነበር፤ እጇ በረኪና በረኪና እየሸተተ፣ አድራሻዋን እንደምትናገር ሁሉ መሐላውን ብላ፣ ፈርማ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ወጣች። ማንም አብሯት አልነበረም።

«ማንም አልነበረኝም» አለች።

ወይዘሮ የሺወርቅ ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ።

የኮሙኔው አዳራሽ መስኮቶች ትልልቅ ናቸው፤ የታኅሣሥ ፀሐይ ወለሉ ላይ እንደ ፈሰሰ ዘይት ተኝታለች። ክሪስቲና የምትባል ሹም የጣሊያንን ባለ ሦስት ቀለም ጨርቅ ትከሻዋ ላይ አጥልቃ ስማቸውን ጠራች። ወይዘሮ የሺወርቅ የልጃቸውን እጅ ይዘው ተነሡ። ሹሟ ልጅቱ መቀመጥ እንደምትችል ስታመለክት፣ በዚያ ሦስት ጊዜ በተፈተነ ጣሊያንኛቸው «ትቆማለች» አሏት። ከዚያ መሐላውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማሉ፣ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል መሬት እያስነኩ።

ሲጨርሱ የልጃቸውን እጅ ሳብ አደረጉ። አሰለፈች ገባት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እሷም እንደ አዲስ ማለች፤ ቃሉ አሁን ከበዳት፣ መሐሉ ላይም እንባዋ መጣ። ሹሟ ስሜት ይሆናል ብላ በትዕግሥት ጠበቀቻት።

በስማቸው አንድ ወንበር እንኳ የሌላቸው ሴት ቀና ብለው ቆሙ።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አሉ በአማርኛ፤ ከዚያ ለመፈረም እስክሪብቶ ጠየቁ።